ፈሲላው በሻንጣ እንዳይገባ፤ ስለ ቴምር ዛፍና ስለ መድኃኒቱ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን
ለግብርና ሚኒስቴር
በአፋር ክልል የእርሻ ጉዳይ ለሚመለከታቸው ሁሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ቀዩ የዘንባባ ነቀዝና ስለ ፀረ-ተባይ አጠቃቀም

ክቡራን፣

ይህን የምጽፈው አንድ ቢሮ መስኮት ላይ "ጥያቄህን በደብዳቤ አምጣ" ስለተባልኩ ነው። ደብዳቤው ይኸው። ግልጽ ያደረግኩት መዝገብ ቤት ገብቶ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ትውልዴ ወሎ፣ ቆቦ ነው፤ የምኖረው ሎጊያ። ከዚያ በፊት ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ቀሲም በሚባለው የቴምር አገር፣ አንድ መዝረዓ (እርሻ) ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ውሃ ሳጠጣና ዘለላ ስሸከም ቆየሁ፤ ከዚያ በኋላ ሥራዬ መድኃኒት ሆነ። መርጨት፣ ግንድ መብሳት፣ መውጋት፣ ክኒን መቅበር። የግብርና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። የማውቀው እጄ የነካውን ነው፤ የጎደለውን ከተመለስኩ በኋላ እያነበብኩ ሞላሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው በጋ አሳይታ፣ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። እንደ እኔው ከስደት የተመለሰ ነው፤ ባጠራቀማት ገንዘብ አዋሽ ዳር መሬት ይዞ ቴምር መትከል ጀምሯል። "ከቀሲም ሃያ ፈሲላ ሊመጣልኝ ነው፤ ሱከሪ ነው፤ በጂቡቲ በኩል ሰው አግኝቻለሁ" አለኝ ፊቱ በርቶ። ፈሲላ ማለት ከእናት ዛፍ ግርጌ የሚወጣው ልጅ ተክል ነው፤ ዓረቦቹ ጥሩ ቴምር የሚያባዙት እሱን ነቅለው በመትከል ነው። ሱከሪ ደግሞ የቴምር ዓይነት ነው። "ሱሳ ቢኖርበትስ?" አልኩት። ሳቀብኝ። "መድኃኒት እናደርግበታለና!"

ስድስት ዓመት መድኃኒት ሳደርግበት የኖርኩት እኔ ነኝ። መልሱን ለእሱ ብቻ ነግሬ ዝም ልል አልቻልኩም።

ሱሳ የሚሉት ቀዩ የዘንባባ ነቀዝ ነው። ነቀዝ የምለው ለማቅለል አይደለም፤ ጎተራችን ውስጥ ስንዴና በቆሎ ከሚያደቀው ከትንሹ ነቀዝ ጋር በእርግጥም ዘመድ ነው፤ ያው ወደ ታች የታጠፈ ረጅም አፍንጫ አለው። መጠኑ ግን ሌላ ነው። ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ መልኩ የሸክላ ቀይ ሆኖ ደረቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት። ይበራል። ዛፉን የሚጨርሱት ግን ልጆቹ ናቸው። ሴቷ በአፍንጫዋ ሰርስራ፣ ወይም ዝንጣፊ የተቆረጠበትን ትኩስ ቁስል ፈልጋ፣ ሁለት መቶ ሦስት መቶ እንቁላል ትጥላለች። በሦስት በአራት ቀን ትሉ ይፈለፈልና ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ለወራት የሚያየው የለም።

የመጀመሪያውን የታመመ ዛፍ ያሳየኝ "ዓም" የምንለው ሽማግሌ ግብፃዊ አለቃችን ነበር። ዛፉ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ዘለላው የተንዠረገገ። ምን ሆነ አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ በርከክ አለና ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ጆሮውን ግንዱ ላይ ለጠፈ። ከዚያ የእኔን ጭንቅላት ይዞ እዚያው አስጠጋው። ጓዳ ውስጥ ሰው ሽንብራ የሚቆረጥም ይመስላል። ዝቅ ብሎ አንዲት ስንጥቅ ነበረች፤ ከእሷ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ወርዶ አሸዋው ላይ ደርቋል። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት፤ ቀኑ ያለፈበት፣ የኮመጠጠ ጠላ። እስከ ዛሬ ጠላ ቤት ደጅ ሳልፍ ያ ዛፍ ነው ትዝ የሚለኝ።

ዛፉን ጣልነው። በመጋዝ ሲሰነጠቅ ውስጡ እንጨት አልነበረም፤ የተፈጨ፣ የረጠበ፣ እጅ ላይ የሚሞቅ ገለባ ነበር። ገለባው ውስጥ የወተት መልክ ያላቸው፣ እግር የሌላቸው፣ አውራ ጣቴን የሚያካክሉ ትሎች ይንከባለላሉ። የጎለመሱት ደግሞ የዛፉን ጭረት ጠምዝዘው፣ ልክ እናቴ ሰበዝ ጠቅልላ ስፌት ስትጀምር እንደምታደርገው፣ ለየራሳቸው ቤት ሠርተው ተኝተውበታል። ስልሳ ድረስ ቆጥረን ተውነው።

ስለ ዘንባባ ሁለት ነገር ልበል፤ ይህ ካልታወቀ የመድኃኒቱ ነገር አይገባም። ሌላ ዛፍ አናቱ ቢቆረጥ ከጎኑ ያቆጠቁጣል። የቴምር ግንድ ግን ልቡ አንዲት ናት፤ አናቱ ላይ። እሷ ከተበላች አለቀለት። ሁለተኛው ይብሳል፤ የዘንባባ ቁስል አይሽርም። እንደ ግራር ቅርፊት አብጅቶ አይዘጋውም። ዛሬ የበሳነው ቀዳዳ ዛፉ እስኪሞት ቀዳዳ ነው። እኛ ግን በድሪል ስንበሳሳው ይህን ማን ነግሮን!

ነቀዙ የቀሲም ተወላጅ አይደለም። አገሩ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ እዚያ ኮኮናት ላይ ሲኖር የኖረ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የገባው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲሆን ሳዑዲ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በምሥራቁ ዳርቻ፣ ቀጢፍ ላይ፣ በ1987 ነው። በ1992 ግብፅ ደረሰ፤ ከዚያ ስፔን፤ በ1999 እስራኤል፤ በ2000ዎቹ ደግሞ ጣሊያንና ፈረንሳይ። ያን ሁሉ ርቀት በክንፉ አልሄደውም። ችግኝ ውስጥ ተኝቶ፣ በመርከብና በጭነት መኪና፣ ኪራይ ሳይከፍል ነው የሄደው። ያጓጓዘው ሰው ነው።

እኔም ላጓጉዘው ነበር። ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ከሱከሪው ግርጌ አንድ ደህና ፈሲላ ነቅዬ፣ ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኜ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ለእናቴ ደጃፍ ነበር። ሻንጣው አልጋዬ ሥር ነው። ሌሊት ያ የኮመጠጠ ጠላ ሽታ መጣብኝ። ሽታ ይሁን ፍርሃት አላውቅም፤ ብቻ ተነስቼ ፈታሁት። ከውጭ ምንም የለበትም። ግርጌውን በቢላ ስሰነጥቀው የትንሿ ጣቴን ጥፍር የምታህል ትል ጭንቅላቷን አወጣች። ስድስት ዓመት ዛፍ ስፈትሽ የኖርኩት ሰውዬ በቀን ብርሃን ካላየኋት፣ ጋላፊ ላይ በአርባ ዲግሪ ሙቀት መቶ መኪና የሚፈትሽ ሰው በምን ዓይኑ ያያታል?

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ቀላል ነው፤ ፈሲላ ከውጭ አይግባ። በፈቃድም፣ በምርመራም፣ በመድኃኒት ተነክሮም አይግባ። መድኃኒት ውስጥ መንከር የሚባል አሠራር መኖሩን አውቃለሁ፤ ሠርቼዋለሁም። በርሜሉ ንጹሕ በሆነበት፣ መጠኑ በተለካበት፣ ግማሽ ሰዓት በትዕግሥት በተጠበቀበት ቀን ይሠራል። እንዲህ ያለ ቀን ግን ስንት ነው? በላብራቶሪ የሚባዛ የቴምር ችግኝ አለ፤ በጠርሙስ ውስጥ ከሕዋስ የሚያድግ፤ ነቀዝ የሚደበቅበት ግንድ የለውም። ዝርያ ማሻሻል የፈለገ እሱን ያምጣ፤ ለአነስተኛ ገበሬውም መንገዱን እናንተ አሳጥሩለት። ሕጋዊው መንገድ ሁለት ዓመት፣ የኮንትሮባንዱ ሁለት ሳምንት ከሆነ ወዳጄ የትኛውን እንደሚመርጥ ነግሬያችኋለሁ። ቦሌ ላይ ሻንጣ በሚጠበቅበት ቦታ፣ ጋላፊና ደወሌ ኬላ ላይ ደግሞ የነቀዙ ሥዕል ያለበት ማስታወቂያ ይለጠፍ፤ በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛ። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚወደውን ዛፍ ለእናቱ ይዞ መምጣቱ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ፤ ደብዳቤዬ የሚረዝመውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ እንረጭ ነበር። መኪና ላይ ከተጫነ በርሜል በቱቦ እየሳብን ግንዱን ከላይ እስከ ታች እናጥበዋለን። ክሎርፒሪፎስ፣ ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ፊፕሮኒል፤ እንደ ዘመኑና እንደ ዋጋው። በየወሩ። አሸዋው ይርሳል፣ እኛ እንርሳለን፣ ትሉ ግን ውስጥ ነው። ርጭት የሚያገኘው እንቁላል ልትጥል የመጣችውን ሴት ነው፣ ወይም ገና ከላይ ያለውን ጨቅላ ትል። አንዴ ወደ ግንዱ መሐል ከዘለቀ በላዩ የሚወርደው ሁሉ ለአሸዋው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ከነዚህ መድኃኒቶች መሐል ኢሚዳክሎፕሪድን አውሮፓ ለንብ ስትል እ.ኤ.አ. በ2018 ከሜዳ ላይ አግዳዋለች፤ ክሎርፒሪፎስንም በ2020 ከገበያዋ አስወጥታለች። ማር የሚሸጥ አገር ይህን በጥሞና ማሰብ አለበት።

ከዚያ መውጋት መጣ። በድሪል ግንዱን ወደ ታች አዘቅዝቀን እንበሳለን፣ ቱቦ እናስገባለን፣ መድኃኒቱን እናንቆረቁራለን፣ ቀዳዳውን በጭቃ ወይም በጀሶ እንደፍናለን። ይህ ይሻላል። በተለይ ኢማሜክቲን ቤንዞኤት የሚባለው በቀጭን ቀዳዳ፣ በግፊት ሲሰጥ ዛፉ ራሱ በደም ሥሩ ያዞረዋል፤ ለወራትም ይቆያል። የመድኃኒት ጠላት አይደለሁም። በጊዜ ተደርሶበት፣ ተወግቶ፣ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያፈራ ዛፍ በእጄ ለቅሜያለሁ። ችግሩ "በጊዜ" የሚለው ነው። ግንዱ ከተቦረቦረ መድኃኒቱን የሚያዞር ደም ሥር አይኖርም፤ ወዲህ ያፈሰስከው ወዲያ በትሉ ዋሻ ይወጣል። ፍሬ ከያዘ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ መድኃኒቱ ወደ ፍሬው እንዳይደርስ ከመልቀሙ በፊት በቂ ጊዜ መቆየት አለበት። እኛ ዘንድ ይህን የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ወግተን በሳምንቱ ስንለቅም ዝም ያልኩባቸው ቀናት አሉ፤ ያ ቴምር የማን ማፍጠሪያ እንደሆነ አላህ ይወቅ።

ሦስተኛው ክኒኑ ነው፤ አሉሚኒየም ፎስፋይድ። እኛ አገር የነቀዝ ክኒን ተብሎ እህል ውስጥ የሚጨመረው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ከነቀዝ ሰው አይለይም፣ ማርከሻም የለውም። ትሉ በቦረቦረው ዋሻ ሁለት ሦስት ፍሬ ከትተን በጭቃ እንመርግ ነበር። አንድ የክረምት ሌሊት የተረፈውን ቆርቆሮ አንዱ ባልደረባችን እንዳይሰረቅ ብሎ አምስት ሰው የምንተኛበት ክፍል አስቀመጠው። ክዳኑ ጥብቅ አልነበረም። ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ አንቅቶኝ ስነሳ ሁለቱ እያስመለሱ ነበር፣ አንዱን ጎትተን አወጣነው። በሩ ሥር ስንጥቅ ባይኖር ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። ጠዋት ኃላፊው መጥቶ ለበን የሚሉትን ወተት አጠጣን። ወተት መርዝ ያወጣል የሚለው እምነት እዚያም እዚህም አለ። አያወጣም። ጠርሙስና ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ዓረብኛና እንግሊዝኛ ነበር፤ ከአምስታችን አንዱንም የሚያነብ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ነገ "ነቀዙ አሳይታ ታየ" ቢባል መድኃኒቱ ከባለሙያው ቀድሞ እንደሚደርስ ስለማውቅ ነው። ገበያ ወጥታችሁ እዩ። በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ፣ ስም ሳይኖረው፣ "ይሄ ጠንካራው ነው" እየተባለ የሚሸጥ መድኃኒት አለ። ጀሪካኑ ሲያልቅ ታጥቦ ውሃ ይቀዳበታል። አሳይታና አፋምቦ ላይ ደግሞ ቴምሩ የሚጠጣው ሰውና ግመል ከሚጠጡት ቦይ ነው። አዋሽ ባሕር ገብቶ የሚታጠብ ወንዝ አይደለም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የተደፋበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

መርዝ ማስገባት ቀላል፣ ማስወጣት ከባድ መሆኑን አገራችን ከማንም በላይ ታውቃለች። በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከሺህ ቶን በላይ ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ነው የተቃጠለው። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ም አለን። አዋጅ አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ለቴምር ዛፍ የተፈቀደው የትኛው መድኃኒት ነው፣ ስንት ይለካል፣ በማን እጅ ይሰጣል፣ ከመልቀሙ ስንት ቀን በፊት ይቆማል። ከሥዕል ጋር፤ ምክንያቱም አፋር ውስጥ ብዙ ሰው የሚያነበው ሥዕሉን ነው። ክኒኑማ ለግለሰብ ጭራሽ መሰጠት የለበትም፤ ለእህልም ለዛፍም። መውጋት ካስፈለገ የወረዳው የሠለጠነ ቡድን መጥቶ ይውጋ፣ ቆርቆሮውንም ቆጥሮ ይውሰድ።

አንድ ሰው "የሌለ በሽታ ታወራለህ" ሊለኝ ይችላል፤ ብሎኛልም፣ ያ መስኮት ላይ። በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች በደቡብ ምዕራብ በኩል ብቅ ሲል በቆሎ አብቃዩ በየማሳው መድኃኒት ፍለጋ እንዴት እንደሮጠ ሁላችንም አይተናል። አፋር ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለው፤ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ። አፈር ይይዛል፣ ጥላ ይሆናል ተብሎ በበጎ ሐሳብ ገብቶ ዛሬ ከሚሊዮን ሄክታር በላይ የግጦሽ መሬት ውጧል። በበጎ ሐሳብ ስለሚገባ ተክል ለአፋር ሰው የሚያስተምር ሰው ካለ እሱ ራሱ አፋር መሆን አለበት።

በጊዜ የነቃ ደግሞ ተርፏል። የስፔን የካናሪ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ነቀዙ ገብቶባቸው የታመመውን እየቆረጡ፣ የዘንባባ ዝውውርን ዘግተው፣ ወጥመድ እየሰቀሉ በ2016 ነፃ መሆናቸው ታወጀ። እነሱ ሀብታም ናቸው ካላችሁ ሞሪታኒያ አለች። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ቲጂክጃ በምትባል የበረሃ ከተማ ነቀዙ ሲገኝ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ጋር ሆና ገበሬዎቿን ይዛ ዛፍ በዛፍ ፈተሸች፤ ወረርሽኙንም ገታችው። ሁለቱም ጋ መድኃኒት ነበር፤ ግን ከዓይንና ከጆሮ ቀጥሎ ነው የመጣው።

ዓይን ስል ወጥመዱን ማለቴ ነው። ወንዱ ነቀዝ ሌሎቹን የሚጠራበት ሽታ አለው፤ ፌሮሞን ይሉታል፤ ተሠርቶ በትንሽ ከረጢት ይሸጣል። አንድ ክዳን ያለው ባልዲ ትወስዳላችሁ፣ ጎኑን በአራት አቅጣጫ ትበሱታላችሁ፣ ነቀዙ ቆንጥጦ እንዲወጣ ውጪውን በጆንያ ትጠቀልላላችሁ፣ ከረጢቱን ከክዳኑ ታንጠለጥላላችሁ፣ ከታች የረገፈ ቴምርና ውሃ ትጨምራላችሁ። አለቀ። የሚገባው አብዛኛው ሴት ነው፤ ትርፉም እሱ ነው፣ እያንዳንዷ ሴት ሦስት መቶ ትል ናትና። ለክትትል በሄክታር አንድ ይበቃል። ግን ማስጠንቀቂያ አለው፤ ውሃው ከደረቀ ወጥመዱ ወጥመድ መሆኑ ይቀርና የሠርግ ጥሪ ይሆናል፣ ከየአገሩ የተጠራው ነቀዝ አጠገቡ ባለው ዛፍ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሰቅሎ ለዜና ፎቶ ተነስቶ መሄድ አይሆንም። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚያየው፣ የሚቆጥረው፣ ደመወዝ ያለው ሰው ይፈልጋል። ከጋላፊ እስከ ሎጊያ ባለው መንገድ፣ ዱብቲ፣ አሳይታና አፋምቦ፣ ድሬዳዋ፣ እንዲሁም የቴምር ችግኝ ባለበት በወረር ምርምር ማዕከል ዙሪያ ይሰቀል። ቁጥሩም በየወሩ ይውጣ። ዜሮ ከሆነ ዜሮ ተብሎ ይውጣ፤ እሱም ዜና ነው።

አዲስ አበባንም አትርሱ። ነቀዙ አርባ ያህል የዘንባባ ዓይነት ላይ ይኖራል፤ ለጌጥና ለፍሬ አይለይም። ጣሊያንና ፈረንሳይ የተጎዱት በቴምር እርሻ አልነበረም፤ በየአደባባዩ በተተከለ የጌጥ ዘንባባ ነው። ሆቴልና መናፈሻ ለማስዋብ ከውጭ የሚመጣ ትልልቅ ዘንባባም ከፈሲላ ያልተናነሰ መመርመር አለበት። የሆሳዕና ዕለት ግንባራችን ላይ የምናስረው የአገራችን ዘንባባ የቴምር የቅርብ ዘመድ ነው።

ስለ ካሣ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ዛፉ ከታመመ መቆረጥ አለበት። ገበሬው ግን "ዛፍህ ታሟልና ይቆረጥ" ሲባል ለመሸሸግ የማይሞክር አይምሰላችሁ። ሳዑዲ ውስጥ እንኳ አይቻለሁ፤ ስንጥቁን በጭቃ መርገው ለተቆጣጣሪው ቡና የሚያፈሉ ነበሩ። የሚቆረጥለት ዛፍ በላብራቶሪ ችግኝና በሁለት ሦስት ዓመት ምርት ካልተካ መረጃ አታገኙም። መድኃኒት ለመግዛት ከሚወጣው ይህ ይረክሳል። የተቆረጠውም ሜዳ ላይ መቃጠሉ ብቻውን አይበቃም፤ እርጥብ ስለሆነ ከላይ ይጠቁርና ውስጡ ያለው ትል ይተርፋል። ተፈጭቶ፣ ወይም ተከታትፎ በጥልቀት መቀበር አለበት።

ቴምር ያላችሁ ወገኖች ይህን ካነበባችሁ ለእናንተም ሁለት ነገር። ውሃ ግንዱ ሥር አታቁሙ፤ ቦዩን ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ በዙሪያው ቀለበት አውጡለት፤ ነቀዙ እርጥብ ግርጌ ይወዳል። ዝንጣፊ ስትቆርጡ ወይም ልጁን ከእናቱ ስትነጥሉ ደግሞ በብርዱ ወራት ይሁን፣ ቁስሉንም የዚያኑ ዕለት ሸፍኑት። ገንዘብ አያስወጣችሁም።

የቀረኝ ስለ እኛ ነው። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከሳዑዲ ከመቶ ስልሳ ሺህ በላይ ሰው ተመልሷል፤ ከዚያም ወዲህ ስንቱ። ከመሐላቸው የቴምር እርሻ ላይ የሠራ፣ ግንድ ላይ ጆሮ መለጠፍ የሚያውቅ፣ ያንን ሽታ ከሃያ ሜትር የሚለይ ሰው በየወረዳው አለ። ዛሬ አብዛኛው ባጃጅ ላይ ነው። የተመላሽ ሥልጠና ተብሎ የፀጉር ሥራና የኮብልስቶን ንጣፍ ተምረናል፤ ክፉ አይደለም። እስካሁን ግን "እዚያ ምን ስትሠራ ነበር?" ብሎ የጠየቀኝ የመንግሥት ሰው የለም። ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች ጋር ብታሰልፉን በአንድ በጋ ከዱብቲ እስከ አፋምቦ ያለውን ዛፍ በጆሮ እንጨርሰዋለን።

ወዳጄ ሃያውን ፈሲላ ለጊዜው አቁሟል። የማስቆም ሥልጣን የለኝም፤ ያቺን የሻንጣዬን ትል ነግሬው ነው። እስከ መቼ እንደሚያቆም አላውቅም፤ ሱከሪ ሱከሪ ነው።

እኔ ሎጊያ ጓሮዬ ውስጥ ከአንዲት ቴምር አጠገብ ባልዲ ሰቅያለሁ። ጎኑን በጋለ ብረት በስቼ፣ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ቴምርና ውሃ ጨምሬ። ሽታው የለኝም፤ አገር ውስጥ የሚሸጥበት ቦታ አላገኘሁም። ዓርብ ዓርብ እከፍተዋለሁ። እስካሁን ያገኘሁት ዝንብ፣ ሦስት ንብና አንድ ጊዜ የልጄ ኳስ ነው። ከረጢቱን ብትልኩልኝ እየቆጠርኩ በየወሩ እጽፍላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የቴምር እርሻ ሠራተኛ፣ ሎጊያ